ማር፣ ዕዳና ገላ

ዲሴምበር 22 ቀን 2023 በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ ላይ «ኤስኮርት ቦይስ» የተሰኘ ባለ ስድስት ክፍል የፈረንሳይ ተከታታይ ድራማ ለእይታ በቃ፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡) ዳይሬክተሩ ሩበን አልቬስ ነው፡፡ የታሪኩ መነሻ የእስራኤል ተከታታይ ድራማ ቢሆንም፣ ፈረንሳዮቹ የሮን ወንዝ ከሜዲትራኒያን ባሕር ጋር ወደሚገናኝበት ወደ ካማርግ ረግረጋማ ምድር አምጥተው ተክለውታል፡፡ ጭብጡ ባጭሩ ይኸው ነው፤ አራት ጎልማሶች አንድን የንብ እርባታ ከኪሳራ ለማዳን ሲሉ ገንዘብ ለሚከፍሉ ሴቶች ገላቸውን መሸጥ ይጀምራሉ፡፡ ቻርሊ የምትባል ታናሽ እህት ደግሞ የሴትን ልጅ ፍላጎት እያስተማረች ታሠማራቸዋለች፡፡ ድራማው ያስቃል፤ አልፎ አልፎም ልብ ይነካል፡፡ እኔም ከልቤ ስቄአለሁ፡፡

ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ምርጫ ሲጽፍ የኖረ ሰው ምን ነክቶት ስለዚህ ይጽፋል የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፡፡ ሕግ፣ ገንዘብና ሥልጣን ያለ መጋረጃ የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር የሰው ገላ ነው፡፡ አንድ ኅብረተሰብ በምን እንደሚስቅ ማየትም በምን እንደሚያለቅስ ከማየት ያላነሰ ያስተምራል፡፡ በዚህ ድራማ ሳቅ ውስጥ ተሸሽጎ ያገኘሁት ጥያቄ አለ፤ ባለ ዕዳ በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ ሳለ የሰው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው?

ከርዕሱ እንጀምር፡፡ «ጂጎሎ» የሚለውን ቃል ለዓለም ያበረከተው የፈረንሳይ ቋንቋ ነው፡፡ ታዲያ ፈረንሳዮች የራሳቸውን ቃል ጥለው ከእንግሊዝኛ «ኤስኮርት» የሚለውን ለምን ተበደሩ? ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፡፡ ጂጎሎ ያሳፍራል፤ ኤስኮርት ግን አጃቢ ማለት ነው፤ አጃቢ ደግሞ ለሚኒስትርም አለው፡፡ ርዕሱን ወደ አማርኛ ልመልሰው ስል ይበልጥ ተቸገርኩ፡፡ ሙያውን በጨዋ አንደበት የምንጠራበት «ሴተኛ አዳሪ» የሚለው ስያሜያችን ሴትነትን ከሥሩ ይዞ የተወለደ ነው፡፡ ወንዱን የምንጠራበት ተመጣጣኝ ቃል አላገኘሁም፡፡ በከተማ ወጣቶች ዘንድ የሚሰማው «ሹገር ማሚ» እንኳ የሚሰይመው ከፋይዋን ነው፤ ተከፋዩ ያለ ስም ቀርቷል፡፡ ስም ያልወጣለት ነገር ነውሩም ጉዳቱም አይቆጠርም፡፡ ስለ ወንዱ ስንሰማ ቶሎ የምንስቀው አንድም ለዚህ ይመስለኛል፡፡

አሁን ደግሞ ድራማው ደጅ ላይ ጥሎት የገባውን ሕግ እናንሣ፡፡ ፈረንሳይ በሕግ የታወቁትን የሴተኛ አዳሪ ቤቶች የዘጋችው ኤፕሪል 13 ቀን 1946 በወጣ ሕግ ነው፤ ሕጉም የፓሪስ ከተማ ምክር ቤት አባል በነበረችው በማርት ሪሻር ስም ይጠራል፡፡ ልክ በሰባኛ ዓመቱ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2016፣ ሌላ ሕግ ወጣ፡፡ ይህኛው ሻጩን ከቅጣት አውጥቶ ገዢውን የሚቀጣ ነው፡፡ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ደንበኛ እስከ 1,500 ዩሮ፣ ከደገመ ደግሞ እስከ 3,750 ዩሮ ይከፍላል፡፡ ይህን መንገድ በ1999 የጠረገችው ስዊድን ነበረች፡፡ ሕጉ ገዢው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፡፡ ስለዚህ በድራማው ውስጥ የምናያቸው ደንበኞች፣ ብቸኝነት የበረታባቸውም ሆኑ ለጨዋታ ብለው የመጡት፣ ሁሉም ሕግ ተላላፊዎች ናቸው፡፡

ቻርሊስ? የፈረንሳይ የወንጀል ሕግ የሌላውን ሰው የገላ ንግድ የረዳ፣ ያገዘ ወይም የጠበቀ ሰው፣ ሳንቲም ባያገኝበትም እንኳ፣ አቃጣሪ ነው ይላል፡፡ ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት እስራትና እስከ 150,000 ዩሮ ይደርሳል፡፡ የተሠማሩት ሰዎች ከአንድ በላይ ሲሆኑ ግን ጣሪያው ወደ አሥር ዓመትና ወደ 1,500,000 ዩሮ ከፍ ይላል፡፡ ቻርሊ ያሠማራቻቸው አራት ናቸው፡፡ ይህች ተወዳጅ ልጅ በአገሯ ሕግ ብትመዘን አሥር ዓመት ሊፈረድባት ይችላል፤ ተመልካቹ ግን እርሷን ሲያይ ወንጀለኛ ያየ አይመስለውም፡፡ የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 634 በሌላው ሰው ገላ የሚነግደውን ይቀጣል፡፡ በሁለቱም አገር ሕግ አውጪው አቃጣሪን ሲያስብ በዓይነ ኅሊናው የመጣበት ሰው ማን እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፤ ቀልድ አዋቂ ታናሽ እህት ግን አልነበረችም፡፡

የማስተምረው ሕግንና ኅብረተሰብን ነውና ነገሩን ወደ ክፍል ይዤው ገባሁ፡፡ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቼ የድራማውን ስም ሳልጠቅስ ታሪኩን ገልብጬ አቀረብኩላቸው፡፡ አራት ሴቶች፣ ዕዳ የወደቀበት እርሻ፣ እያሠለጠነ ለወንዶች የሚያሠማራቸው ታናሽ ወንድም፡፡ «ከዚህ ታሪክ ምን ዓይነት ፊልም ይወጣል?» አልኳቸው፡፡ ኮሜዲ ያለ አንድም ሰው አልነበረም፡፡ የወንጀል ፊልም ያሉ ነበሩ፤ ዘጋቢ ፊልም ያሉም ነበሩ፤ አንዱማ ወንድሙ በመጨረሻ መታሰር አለበት ብሎ ፍርዱን ጨምሮ ሰጠ፡፡ ከዚያ እውነተኛውን ታሪክ ነገርኳቸው፡፡ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፡፡

ሳቁ ሲበርድ ለምን እንደሳቁ ጠየቅኳቸው፡፡ አንድ ወንድ ተማሪ «ወንድ ምን ይሆናል ብለው ነው፣ መምህር?» አለኝ፡፡ ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ተማሪ ግን እጇን አወጣች፡፡ «ወንድ ስለሆነ አይደለም» አለች፤ «በሩን ከፍቶ መውጣት ስለሚችል ነው፡፡» በዚያን ዕለት ከዚህ የበለጠ ነገር ያስተማርኩ አይመስለኝም፡፡ አሁንም ድራማውን ሳስብ የምለካው በእርሷ መለኪያ ነው፡፡ ከአራቱ አንዱ ደንበኛው ቤት ገብቶ ነገሩ ባያምረው ጫማውን አንሥቶ ይወጣል፡፡ የሚከተለው የለም፤ የሚደበድበው የለም፤ ፓስፖርቱን የቀማው የለም፡፡ የምንስቀው በዚህ መተማመኛ ላይ ቆመን ነው፡፡

ይህ መለኪያ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ፊልም ደግሞ ፈረንሳዮች ራሳቸው ሠርተዋል፡፡ ሎራን ካንቴ በ2005 ያወጣው፣ በትውልደ ሄይቲው ደራሲ በዳኒ ላፈርየር ታሪኮች ላይ የተመሠረተው «ወደ ደቡብ» የተሰኘ ፊልም ነው፡፡ ዘመኑ የ1970ዎቹ መገባደጃ፣ ቦታው የዱቫልየሮች አገዛዝ የሰፈነባት ሄይቲ ነው፡፡ ዕድሜያቸው የገፋ የምዕራብ አገር ሴቶች በባሕር ዳርቻ ሆቴል ተቀምጠው ሌግባ የሚባለውን መልከ መልካም ወጣት ይሻሙበታል፡፡ ገዢዎቹ ሴቶች፣ ሻጩ ወንድ፤ አደላደሉ ከኤስኮርት ቦይስ ጋር አንድ ነው፡፡ ነገር ግን ሌግባ ተገድሎ አስከሬኑ ይገኛል፤ ሴቶቹም ጥለው ይሄዳሉ፡፡ ኦስትሪያዊው ኡልሪክ ዛይድልም በ2012 ባቀረበው «ገነት፦ ፍቅር» በተሰኘ ፊልሙ ካሜራውን ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ ወስዶ፣ አውሮፓውያን እመቤቶችና ድሆቹ የባሕር ዳር ወጣቶች እንዴት እንደሚገበያዩ አሳይቷል፡፡ እነዚህን ፊልሞች ያየ ሰው «ወንድ ምን ይሆናል» የሚለውን አባባል ደግሞ አይደፍረውም፡፡ ሳቁ የጠፋው የሻጩ ጾታ ስለተለወጠ አይደለም፤ ሻጩ መውጫ በር ስላልነበረው ነው፡፡

ድራማውን እንዳልበድለው አንድ ነገር ልጨምር፡፡ አብራኝ የምታስተምር ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ክርክሬን በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ፣ «አንተ ስለ ሻጮቹ ትጨነቃለህ፤ እኔ ደግሞ ገዢዎቹን አየሁ» አለችኝ፡፡ «አንዲት ሴት ምን እንደምትፈልግ የሚጠይቃትና መልሷን የሚሰማ ወንድ ለማግኘት መክፈል አለባት ወይ?» ይህ የድራማው ትልቁ ቁም ነገር ነው፡፡ ቻርሊ ወንዶቹን የምታስተምረው ማዳመጥን ነው፤ ተማሪዎቿም የሚቸገሩት በዚሁ ትምህርት ላይ ነው፡፡

ሴት ገዢ ልትሆን የምትችለው ደግሞ የራሷ ገንዘብ ሲኖራት ነው፡፡ ያገባች ፈረንሳዊት ባሏን ሳታስፈቅድ በስሟ የባንክ ሒሳብ የመክፈትና ሥራ የመያዝ መብት ያገኘችው ጁላይ 13 ቀን 1965 በወጣ ሕግ ነው፡፡ የቆየው የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍም ይህን ይመሰክራል፡፡ ሞፓሳን በ1885 ባሳተመው «ቤል አሚ» ውስጥ ዦርዥ ዱሯ በሴቶች ትከሻ ላይ ወደ ሀብትና ወደ ሥልጣን ይወጣል፤ ማንም ግን ገላውን ሸጠ አይለውም፤ ብልህ ይሉታል እንጂ፡፡ ኮሌት በ1920 ባቀረበችው «ሼሪ» ውስጥ ወጣቱን የምታኖረው ሌያ የራሷ ሀብት አላት፤ ሀብቱን ያፈራችው ግን እርሷም በተራዋ የባለጠጎች ውሽማ ሆና ነው፡፡ ከዚህ አንጻር ስናየው አንዲት ተራ ፈረንሳዊት ከደመወዟ ከፍላ የፈለገችውን ስትጠይቅ ማሳየት በራሱ የታሪክ ለውጥ ምልክት ነው፡፡ ይህን አልክድም፡፡ ይሁን እንጂ የገዢዋ ነፃነት የሻጩን ዕዳ አይሰርዝም፡፡

ወደ ዕዳው ልመለስ፡፡ ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በደቡብ ፈረንሳይ በቆየሁባቸው ዓመታት ካማርግን አይቻታለሁ፡፡ ነጫጭ ፈረሶቿን፣ ጥቋቁር ኮርማዎቿን፣ በጨው ኩሬዎቿ ውስጥ የሚቆሙትን ቀያይ ፍላሚንጎዎች አይቶ የማይደነቅ የለም፡፡ ድራማውም ይህን ውበት አልሰሰተበትም፡፡ እኔ ግን የንብ አናቢ ገበሬ ልጅ ነኝ፡፡ ያደግሁት ጎጃም ውስጥ፣ ቀፎ በተሰቀለበት ግራር ሥር ነው፡፡ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ ቀን ሲደርስ አባቴ ከጥንድ በሬያቸው አንዱን ነድተው ወደ ገበያ ሲሄዱ አይቻለሁ፡፡ በሬውን በፈቃዳቸው ነው የሸጡት፤ ማንም ጠመንጃ አልደገነባቸውም፤ ዋጋውንም ተከራክረው ነው የተቀበሉት፡፡ በሕግ ቋንቋ ፍጹም የሆነ ውል ነበር፡፡ ከገበያ ሲመለሱ ግን ፊታቸውን ወደ ማጀት አዙረው ነበር የተቀመጡት፤ በቀጣዩ ክረምትም በአንድ በሬ የሚታረስ መሬት እንደሌለ እናውቅ ነበር፡፡ ስለ ፈቃድ ያነበብኩት የፍልስፍና መጽሐፍ ሁሉ ያንን ምሽት አያስረሳኝም፡፡

የፈረንሳይ ገበሬ ከአባቴ ጋር ሲነጻጸር ባለጠጋ ነው፤ ዕዳው ግን ጠባዩ አንድ ነው፡፡ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቋም ኢንሴ በ2018 መረጃው መሠረት ከገበሬ ቤተሰቦች መካከል 18 በመቶ ያህሉ ከድህነት ወለል በታች እንደሚኖሩ አስታውቋል፡፡ ንብ አናቢው ደግሞ የራሱ ልዩ ጠላቶች አሉት፡፡ የእስያ ተርብ በ2004 ወደ ፈረንሳይ ገብቶ ቀፎዎችን ሲያጠቃ ኖሯል፡፡ ንብ ገዳይ የሆኑት የኒኦኒኮቲኖይድ ፀረ ተባዮች በ2018 ቢታገዱም፣ አንዱን ለመመለስ በ2025 ሕግ ወጥቶ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ ካኖሩ በኋላ፣ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ኦገስት 7 ቀን አንቀጹን ውድቅ አድርጎታል፡፡ በዚህ ላይ ከውጭ የሚገባው ርካሽ ማር አለ፡፡ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ይፋ ባደረገው ምርመራ ከውጭ ከመጡት 320 የማር ናሙናዎች 147ቱ፣ ማለትም 46 በመቶው፣ በስኳር ሽሮፕ ሳይበረዙ እንዳልቀሩ ተጠርጥረዋል፡፡ እውነተኛ ማር የሚያመርት ሰው ከዚህ ጋር እንዴት ይወዳደራል? «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይላሉ አበው፡፡

ድራማው ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2024፣ የፈረንሳይ ገበሬዎች ወደ ፓሪስ የሚያስገቡትን አውራ ጎዳናዎች በትራክተር ዘጉ፡፡ ጥያቄያቸው የምርታችን ዋጋ ወጪያችንን አልሸፈነም የሚል ነበር፡፡ ከዚያም ቀደም ሲል፣ በ2019፣ ኤድዋር ቤርዦን «በምድር ስም» የተሰኘውን ፊልም ሠርቶ ነበር፡፡ ዕዳ የተጫነው ገበሬ ራሱን እስከ ማጥፋት ሲደርስ የሚያሳይ ሲሆን፣ ታሪኩም የዳይሬክተሩ የራሱ አባት ነው፡፡ እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፡፡ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ዕዳ ላይ ሁለት ታሪክ ተነገረ፤ አንደኛው ገበሬ ራሱን ያጠፋል፣ ሌሎቹ ገላቸውን ሸጠው ያስቁናል፡፡ ሁለቱም ታሪኮች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ማሩ ወይም እህሉ ብቻውን ቤተሰብ እንደማያኖር ነው፡፡ ለእኔ ነውሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የዓመት ልፋት ያፈራው ማር የማይከፍለውን ዕዳ የአንድ ሌሊት ገላ ሲከፍለው፡፡

ስለ ገላ ንግድ በአውሮፓ የሚደረገው ክርክር ይህን አያነሣም፡፡ አንደኛው ወገን ይታገድ ይላል፤ ሌላኛው ወገን ሥራ ነውና ይፈቀድ ይላል፡፡ 261 ወንድና ሴት የገላ ሻጮች የ2016ቱ ሕግ ደንበኞቻችንን ወደ ጨለማ አባሮ እኛን ለአደጋ አጋለጠን ሲሉ ፈረንሳይን በስትራስቡርግ ከሰሱ፡፡ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም ጁላይ 25 ቀን 2024 ሕጉ የግል ሕይወታቸውን መብት አልጣሰም፣ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ሰፊ የመወሰን ሥልጣን አለው ሲል በሙሉ ድምፅ ፈረደ፡፡ ፍርዱን አንብቤዋለሁ፡፡ በሕግ ሚዛን የሚያስኬድ ነው፤ የከሳሾቹ ፍርሃት ግን በፍርዱ ማኅተም የሚጠፋ አይደለም፡፡

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድ ቁጥር ነው፡፡ ያው የ2016 ሕግ ከንግዱ መውጣት ለሚፈልግ ሰው የመውጫ መርሐ ግብርና የገንዘብ ድጎማ ፈቅዷል፡፡ ድጎማው በ2017 ሲጀመር በወር 330 ዩሮ ነበር፡፡ ገዢውን በአንድ ቀን ጥፋት 1,500 ዩሮ መቅጣት የሚችል መንግሥት፣ ሻጩ ወር ሙሉ እንዲኖርበት የቆረጠለት 330 ዩሮ ነበር፡፡ ተማሪዬ «በሩን ከፍቶ መውጣት» ያለችው በር ዋጋው ሲተመን ይህን ያህል ሆነ ማለት ነው፡፡ በ330 ዩሮ ማርሴይ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ምግብ በልቶ ማደር አይቻልም፡፡ እንዲህ ያለውን ነገር በር ብሎ መጥራት ይከብደኛል፤ ቢበዛ መስኮት ነው፡፡

የእኔ አቋም ከዚህ ይነሣል፡፡ አንድ መንግሥት ስለ ዜጎቹ ክብር እጨነቃለሁ ካለ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው ስንት ደንበኛ ቀጣ በሚለው ሳይሆን ሰው እምቢ ለማለት የሚያስችለውን ገቢ ምን ያህል አደላደለ በሚለው ነው፡፡ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው አይቆጠርም፡፡ ይህ ለሄይቲው ወጣት ይሠራል፤ ለካማርግ ንብ አናቢም ይሠራል፤ በሬውን ለሚሸጠው ገበሬም ይሠራል፡፡

ድራማውን ያላያችሁት እዩት፤ ሳቁም፡፡ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነውና ተዋናዮቹም ጣፋጭ አድርገው ተጫውተውታል፡፡ ነገር ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ፤ የማሩ ዋጋ ገበሬውን የሚያኖር ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ድራማ ገና ከመጀመሪያው ክፍል ምን ሊተርክ ኖሯል?

ቸር እንሰንብት፡፡